ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ

አያቴ ከሞቱ በኋላም ሥራ አላቆሙም። ሰው ለማስደንገጥ ብዬ አይደለም፤ በልጅነቴ ስለ ቤተሰቤ የጠየቀኝን ሁሉ የምመልሰው እንደዚህ ነበር። አባቴ ብረት ሠራተኛ ነው፤ እናቴን ራሷን ያማታል፤ አያቴ ሞተዋል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ሥራ ይገባሉ። ጠያቂው ሳቅ ብሎ ወደ እናቴ ሲመለከት እናቴ ፊቷን ታዞራለች።

የብረት መሥሪያው ከቤታችን ጓሮ ነበር። ጠባብ ክፍል ነው። ወፍራም የእንጨት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ፣ ጥግ ላይ ብረት የሚበሳ ትራፓኖ፣ ከትራፓኖው በላይ አቧራ የጠገበች አንዲት መስኮት። ክፍሉን ያቋቋሙት አያቴ፣ የእናቴ አባት ናቸው። አባቴ እጃቸው ሥር ሙያ ሊማር መጥቶ ሙያውንም ልጃቸውንም ይዞ የቀረ ሰው ነው። «ሞርሳ ልይዝ መጥቼ እናትሽ ያዘችኝ» እያለ ይቀልድ ነበር።

ሥራው ይህ ነው። የሐኪም ቤት ዕቃ የሚገጣጥም አንድ ድርጅት ከማይዝግ ብረት የተቆረጡ ትንንሽ ዝርጎችን ይልክልናል። አባቴ በየዝርጉ ላይ ቀጫጭን ቀዳዳ ይበሳል፤ ከዚያ ብሎን እንዲገባበት የቀዳዳውን ውስጥ ጥርስ ያወጣለታል። ጥርስ ማውጫው ራሱ ከክብሪት እንጨት ብዙም አይወፍርም። በመያዣው ጠፍሮ በሁለት እጁ፣ በጣቶቹ ጫፍ ብቻ ያዞረዋል።

«ስቴንለስ ኩሩ ነው» ይል ነበር። «ካመነታሽበት ይደነድንብሻል፤ ከቸኮልሽበት ጥርስ ማውጫውን ይሰብርብሻል።»

ስለዚህ ግማሽ ዙር ወደፊት ይኬዳል፤ ከዚያ የተፋቀው ብረት ተቆርጦ እንዲወድቅ ሩብ ዙር ወደኋላ። ጠብታ ዘይት። እንደገና ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። ጥርስ ማውጫው ሊሰበር ሲል ቀድሞ ያቃስታል፤ ያንን ማቃሰት ከጆሮ በፊት የሚያውቀው ጣት ነው። ከተሰበረ ግን ጉድ ፈላ። ስባሪው ቀዳዳው ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ የሚያወጣው ኃይል የለም፣ ያ ሁሉ የተለፋበት ዝርግ ይጣላል። እኔ ያኔ የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ስለነበር ብረት ጥርስ አወጣ ሲባል እቀና ነበር። ዛሬ ጥርስ ሐኪም ዘንድ በረዳትነት እሠራለሁ፤ ቤተሰቤ ጥርስ ሲያወጣ ኖሮ እኔ ሲነቀል አያለሁ።

አያቴ በሞቱ በዓመቱ ገደማ፣ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን በመሥሪያው ደጃፍ በርጩማ ላይ አገኘሁት። እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ፀሐይ ይሞቃል። ከኋላው በሩ ተዘግቷል። የመኝታ ቤቱም በር ተዘግቷል፤ እናቴን ራሷን አሟት ተኝታለች፣ እንዳትረብሺያት ተብዬአለሁ። ከመሥሪያው ውስጥ ግን ድምፅ ይሰማል፤ ጭርር፣ ጭር። ጭርር፣ ጭር። ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ።

«አባዬ፣ ውስጥ ያለው ማነው?»

ጫማውን አየ፣ በሩን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«አያትሽ ናቸው።»

«ሞተዋል አይደል እንዴ?»

«ሙያ ያለው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሞትም፣ ብሎኔ።» ብሎኔ የሚለኝ ሲያቆላምጠኝ ነው።

«ገብቼ ልያቸው?»

«እንዳታደርጊው። ሙት ካዩት ይሄዳል። እሳቸው ከሄዱብን ሥራውን ማን ይሠራልናል?»

ቀልድ መስሎት የጀመረው ይመስለኛል። ፊቱ ላይ ግን ሳቅ አልነበረም፤ እኔም እንደ ቀልድ አልወሰድኩትም። ሰፈር ውስጥ ሙት ያየ ልጅ ሞልቷል፤ ሥራ ላይ ያለ ሙት የነበረኝ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

መጀመሪያ ፈራሁ። ከሰዓት በኋላ ያ ድምፅ ሲጀምር ቆዳዬ ይሰበሰባል። አንድ ቀን የመጣው ይምጣ ብዬ ባልዲ ገልብጬ ቆምኩና በዚያች አቧራማ መስኮት አየሁ። የአያቴ ቡናማ ጋዋን፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ሞርሳው ላይ አጎንብሷል። ራሱን እንደ አያቴ ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ ጆሮውን ለብረቱ ሰጥቷል። ከባልዲው ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም። ከዚያ ወዲያ ማንም ምንም ቢለኝ አያቴን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፍርሃቱ ወደ ፍቅር የተለወጠው በዳቦ ምክንያት ነው። አያቴ በሕይወት ሳሉ ዳቦ በማር ይወዱ ነበር። እኔም አንድ ቁራጭ በሳህን አድርጌ በሩ ሥር አስቀመጥኩ፣ ሁለቴ አንኳኳሁ፣ ወደ አጥሩ ሄጄ ፊቴን ወደ ግንቡ አዞርኩ። ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነው። መሐሉ ላይ ትራፓኖው የላጨው ጥምዝምዝ ብረት፣ እንደ ብር የሚያበራ፣ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንዳይቆርጠኝ ጫፎቹ በሞረድ ተለስልሰዋል። ጣቴ ላይ አጠለቅሁት፤ ልክክ አለ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ዳቦ ሳስቀምጥ ቀለበት ሲመጣልኝ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ሞልቼ አስቀመጥኳቸው።

በዚያን ጊዜ በቤታችን የማደንቀው ነገር ሌላም ነበር። አባቴ እሳት አይፈራም። የፈላ ድስት በባዶ እጁ ከምድጃ ሲያወርድ አይቻለሁ፤ እናቴ «እጅህን!» ብላ ስትሮጥ እሱ ጣቶቹን እንደ ሌላ ሰው ጣት እያገላበጠ ያያቸዋል። ለሰፈር ልጆች ስደነፋበት ከረምኩ። የአባቴ ጣቶች ነርቭ ቀስ በቀስ እየሞተ እንደነበር፣ መቃጠሉን ያወቀው በሕመሙ ሳይሆን በቆዳው ሽታ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ያኔ ግን ጀግና ነበር።

እናቴን የማደንቅበት ምክንያት አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ ትተኛለች፣ ስትነሳ ደክሟታል፣ ዓይኗ ቀልቷል። የጣቶቿ ጫፎች ሁልጊዜ የተቆራረጡ ናቸው። ሽንኩርት መክተፍ እንኳ አትችልም ብዬ እታዘባት ነበር። እራት ከማቅረቧ በፊት እጇን በሎሚ ስታሽ ትቆያለች፤ ሎሚ ለራስ ምታት ነው ብዬ አመንኩ። ከሎሚው ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ የመሥሪያው ዘይት ሽታ። እሱንም አያቴ በቤቱ ውስጥ አልፈው የተዉት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ምሽት ራት ተበልቶ ሳህን ሲታጠብ ከመጋረጃው ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«እንንገራቸውና ይለይልን» አለ አባቴ።

«ምን ብለህ? የሞተ እጅ ነው የሚሠራላችሁ ብለህ?»

«ታዲያ እስከ መቼ?»

«እኔ እስከቻልኩ። ሥራውን የሚልኩት አንተን አምነው ነው። እሱ ከቀረ በምን እንኖራለን? ደግሞ አንተ ያለ ሞርሳ ምን ትሆናለህ?»

የሞተ እጅ ያሉት የአያቴን ነው ብዬ ተረዳሁ። ያሳሰበኝ ድርጅቱ የሙት ሥራ አልቀበልም እንዳይልና አያቴ ከሥራ እንዳይወጡ ነበር።

ከዚያ ትምህርት ቤት ግጥም የማቀርብበት ቀን መጣ። የሁሉም ልጅ እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድራለች። የኔ እናት ቦታ ባዶ ነው፤ አባቴ በሩ አጠገብ ቆሞ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ፣ ሲያጨበጭቡ እንኳ አላጨበጨበም። እንደተመለስኩ የመኝታ ቤቱን በር አየሁት፤ ተዘግቷል። በመሥሪያው ጭርር፣ ጭር ይላል። ዳቦውን ቆረስኩ፣ ማሩን ከወትሮው አበዛሁ፣ ሳህኑን አስቀምጬ በዚያን ቀን ወደ አጥሩ አልሄድኩም። ከንፈሬን በሩ ስንጥቅ ላይ አደረግሁ።

«አባባ፣ እማዬ ዛሬም ተኝታ ቀረች» አልኳቸው። «እኔ ከእሷ ይልቅ እርስዎን ነው የምወደው። እባክዎ እንዳይሄዱብን።»

ጭርር አለ። ሩብ ዙሩ ወደኋላ አልመጣም። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን አጥንት ሲሰበር እንደሚሰማው። ከዚያ ምንም የለም። ዳቦው እስኪመሽ በሩ ሥር ቆየ፣ ጉንዳን ወረረው። እናቴ ማታ ስትነሳ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አባቴ ራስ ምታቱ ጠንቶባት ነው አለኝ።

አያቴ ሰብረው አያውቁም ነበር። ስባሪው ተቀርቅሮ የቀረበት ዝርግ ለድርጅቱ ሲመለስ፣ ሥራውን የሚረከበው ሰውዬ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ወፍራም መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ነው።

«አይቀየሙኝ ባለሙያው» አለው አባቴን። «እጅዎ ደክሟል የሚል ወሬ ደርሶናል። እኔ አላመንኩም። አንድ ቀዳዳ ብቻ እፊቴ ይሥሩልኝና ሥራው እርስዎ ዘንድ እንደሚቀጥል ተናግሬ ልሂድ።»

አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ግን አያቴ ይመጡለታል ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ። እነሱ ሳይገቡ በፊት ሾልኬ ገባሁና ጠረጴዛው ሥር፣ ከብረት ፍቅፋቂው መሐል ተደበቅሁ። ቡናማው ጋዋን ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ባዶውን። ከዚያ የእግር ዓይነት አየሁ፤ የሰውዬው የሚያበራ ጫማ፣ የአባቴ የተንሻፈፈ ቡትስ፣ በመጨረሻም የእናቴ ነጠላ ጫማ።

«ዘይት ልያዝለት» አለች እናቴ።

«እርስዎም ሙያውን ያውቁታል ማለት ነው?»

«ዘይት ማንጠብጠብ ምን ሙያ አለው ብለው ነው።»

ሥራው ተጀመረ። በጠረጴዛው ጣውላ ክፍተት ወደ ላይ ሳይ የእናቴ የግራ እጅ ጣት የዝርጉን ጠርዝ ነክቶ አየሁ። ዓይኗን ጨፍናለች። ወደ ታች ስመለስ ደግሞ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ የአባቴን ቡትስ ረግጣዋለች። ረገጠችው፤ ጭርር። እግሯን አነሳች፤ ጭር። ረገጠችው፣ አነሳችለት። እንግዳ ፊት ባሏን ትረግጠዋለች። ደሜ ፈላ። ሥራ ላይ ያለ ሰው፣ ያውም እንዲህ በጭንቅ ሰዓት።

መሐል ላይ ጥርስ ማውጫው ማቃሰት ጀመረ። እኔም ሰማሁት። የእናቴ ተረከዝ በኃይል ወርዶ የአባቴን እግር ወለሉ ላይ ሰፋው፤ አባቴ ቀጥ አለ። ሰውዬው ጫማውን አንቀሳቀሰ። እናቴ ዘይት ጠብ አደረገች፣ እግሯን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ አነሳች፤ ጥርስ ማውጫው ወደኋላ ተመለሰ፣ ድምፁ ጠራ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ድረስ ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ ሆነ።

ሰውዬው ትንሿን ብሎን በሁለት ጣቱ አስገባት። እስከ አንገቷ ገባች።

«ወሬኛ አይጥፋ መቼም» አለ። አባቴን ይቅርታ ጠይቆ፣ እናቴን እጅ ነሥቶ ሄደ።

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ሲል ነው ከጠረጴዛው ሥር ያየኝ። እኔም አላስቻለኝም።

«እማዬ፣ ለምንድነው የምትረግጪው?»

እናቴ አፏን ከፈተች። አባቴን አየችው፤ እሱም አያት። ላብ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።

«ቦታው ጠቦን ነው» አለችኝ። «አላየሁትም።»

አላመንኳትም። «አባባስ፣ መጥተው ነበር?»

ጋዋኑን ዞራ አየችው።

«አዎ» አለች። «መጥቶ ነበር።»

አያቴ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ሠሩ። ዳቦውንም እንደገና መብላት ጀመሩ። እኔ አደግሁ፣ ቀለበቶቹ ጠበቡኝ፣ ዳቦ ማስቀመጡን መቼ እንደተውኩት አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲቆም ማንም ልብ አይለውም። ድርጅቱም ሥራውን በማሽን ማሠራት ጀመረ፣ መሥሪያው ተቆለፈ።

አባቴ ሊሞት አካባቢ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ሳለ ሳቅ አለ። «እናትሽ እኮ እንደ መኪና በእግሯ ነበር የምትነዳኝ» አለኝ። ከዚያ ሳቁን ትቶ «አያትሽ አልነበሩም» አለ። «ልጅ ሆና እሳቸው ጭን ላይ ነው የተማረችው። ከኔ የበለጠች ናት።»

«አውቃለሁ» አልኩት። አላውቅም ነበር። ወይም አውቄ፣ ያንን ጋዋን የለበሰው ሰው እንዳይሄድብኝ ዞሬ አላየሁትም። በኋላ እናቴን ስጠይቃት ጠረጴዛ እየወለወለች «የድሮ ነገር ምን ያደርግልሻል» አለችኝ። ሁለተኛ አላነሳነውም።

አሁን እናቴ እኔ ቤት ናት። ትዝታዋ እንደ አሮጌ ሹራብ ከጫፉ እየተተረተረ ነው። አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ታደርገኛለች፣ ሌላ ቀን ነርስ።

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ሻይ ይዤ ወደ ክፍሏ ስሄድ ከበሩ ጀርባ የመጣ ድምፅ ያዘኝ። ጭርር፣ ጭር። ጭርር፣ ጭር። ቆዳዬ እንደ ልጅነቴ ተሰበሰበ። በሩን ገፋ አድርጌ አየሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ቡናማ ሹራብ ለብሳለች። የመድኃኒት ጠርሙስ በእጇ ይዛ ክዳኑን ታዞራለች፤ ግማሽ ወደፊት፣ ሩብ ወደኋላ። ራሷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። ያንን ጀርባ በየትም አገር ባየው አውቀዋለሁ። አያቴ ነበሩ። እናቴ ነበረች። ማወቅና ማየት ለካ ይለያያሉ።

ወደ ማድ ቤት ተመልሼ ዳቦ ቆረስኩ፣ ማር ቀባሁት፣ አጠገቧ አስቀመጥኩላት።

«ይሄ የማነው?» አለች።

«ያንቺ ነው እማዬ። ብዪ።»

«የኔ አይደለም።» ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «የአባቴ ነው። ልጄ ለሱ ነው የምታስቀምጥለት።» ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምበላው ግን እኔ ነኝ። እንዳትነግሪያት።»

«ብታውቅስ ምን አለበት?»

«እሱን ነው የምትወደው፤ በራሷ አፍ ነግራኛለች። ሳህኑን ስታስቀምጥ እንዴት ቀስ እንደምትል ብታይ! እኔን እንዲህ አትለኝም።» ክዳኑን ያዘች፣ አላዞረችውም። «ካወቀች እሱን ታጣለች። በሱ ስም ልብላው፣ ግድ የለም።»

እንባዬ መጣ። «እማዬ፣ ልጅሽ እኮ እኔ ነኝ።»

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ፣ በደግነት፣ ሰው ሲሳሳት እንደሚታይ።

«ልጄ ገና ትንሽ ናት» አለችኝ። «የፊት ጥርስ እንኳ የላትም።»

ሳህኑን አነሳሁ። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። ከበሩ ሥር አስቀመጥኩት፣ ቀስ ብዬ። ሁለቴ አንኳኳሁ። ከንፈሬን በሩ ስንጥቅ ላይ አድርጌ «እማዬ» አልኳት፣ «ይሄ ላንቺ ነው። ያመጣሁት ላንቺ ነው፤ ለአባባ አይደለም።»

ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ሄጄ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል እያልኩ። አልጋው ሲንቋቋ፣ ነጠላ ጫማ ወለሉን ሲፍቅ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ስመለስ ሳህኑ ባዶ ነበር። መሐሉ ላይ ከመድኃኒት ማሸጊያ የተቀደደ ብርማ ወረቀት፣ ተጠምዞ፣ ጫፎቹ በጥፍር ተለስልሰው ተቀምጧል። አንስቼ ጣቴ ላይ ላጠልቀው ሞከርኩ። የተሠራው ለልጅ ጣት ነውና ከጥፍሬ አላለፈም።